በኩላሊት እጥበት ላይ ላሉ ሰዎች ስለ ፎስፌት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እጥበት የጀመረ ሰው ስለ ውሃ፣ ስለ ጨውና ስለ ፖታሲየም ቶሎ ይነገረዋል። ፎስፌት የሚነሳው ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ የላብራቶሪው ውጤት ከፍ ብሎ ሲመጣ ነው። ያኔም "ይህን አይብሉ፣ ያንን አይብሉ" የሚል ረጅም ዝርዝር ይሰጥና ሰው ግራ ገብቶት ምግብ መተው ይጀምራል። በእጥበት ላይ ላለ ሰው ምግብ መተው ከፎስፌቱ ባልተናነሰ ይጎዳል። ስለዚህ ከታች ያሉት መልሶች ምን መቅደም እንዳለበት ለማሳየት የተጻፉ ናቸው። መጠኖቹ ሁሉ ለአዋቂ ሰው ናቸው፤ የመድኃኒትዎን መጠን የሚወስነው ግን ውጤትዎን የሚያየው ሐኪም ነው።

ፎስፌት ምንድን ነው? ኩላሊቴ ሲደክም ለምን በዛብኝ?

ፎስፈረስ ከካልሲየም ጋር አጥንትንና ጥርስን የሚሠራ ማዕድን ነው። በሰውነትም በምግብም ውስጥ በአብዛኛው የሚገኘው ፎስፌት ሆኖ ነው። ከጠቅላላው 85 በመቶ ያህሉ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ተቀምጧል፤ የቀረው በአብዛኛው በሕዋሳት ውስጥ ነው፤ ከሕዋስ ውጭ፣ በደምና በሰውነት ፈሳሽ የሚዞረው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጤነኛ ኩላሊት ከምግብ የገባውን ትርፍ በየቀኑ በሽንት ያስወጣል። ኩላሊቱ ሥራውን ሲያቆም ትርፉ የሚሄድበት ያጣና በደም ውስጥ ይጠራቀማል።

ማሽኑ እያጠበኝ ለምን ምግብ እንድመርጥ ይነገረኛል?

ማሽኑ የሚደርሰው ደም ውስጥ ያለውን ፎስፌት ነው። ያ ደግሞ ከላይ እንዳልነው ከጠቅላላው እጅግ ትንሹ ክፍል ነው። እጥበቱ ሲጀመር በደም ያለው ቶሎ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ከሕዋስና ከአጥንት ወደ ደም የሚወጣው ቀስ እያለ ስለሆነ ማሽኑ የሚያገኘው ይቀንሳል። እጥበቱ ካለቀ ከጥቂት ሰዓታት በኋላም በደም ያለው መጠን ተመልሶ ከፍ ይላል።

ሒሳቡን እንሥራው። በቀን 1000 ሚሊ ግራም ፎስፈረስ የሚበላ ሰው አንጀቱ 60 በመቶውን ቢቀበል በቀን 600፣ በሳምንት 4200 ሚሊ ግራም ወደ ደሙ ይገባል። አንድ የ4 ሰዓት እጥበት በአማካይ 800 ሚሊ ግራም ገደማ ያስወጣል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ከታጠበ 2400 ይወጣል፤ 1800 ይተርፋል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ከታጠበ የሚወጣው 1600 ስለሆነ 2600 ይተርፋል። ኢትዮጵያ ውስጥ በክፍያው ክብደት የተነሳ በሳምንት ሁለቴ ብቻ የሚታጠብ ሰው ብዙ ስለሆነ ይህ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። እንዲህ ያለ ሰው ሦስቴ ለሚታጠብ ሰው የተጻፈ የምግብ ዝርዝር አይበቃውም። ሽንት አሁንም የሚመጣዎት ከሆነ ግን ያ ትልቅ እገዛ ነው።

ከዚሁ ሒሳብ የሚከተል አንድ ነገር አለ፦ ሰዓት አይቁረጡ። "ዛሬ 3 ሰዓት ይበቃኛል" ማለት ውሃው ቢወጣልዎት እንኳ ፎስፌቱን አስቀርቶ መሄድ ነው። ሌሊቱን ሙሉ፣ 8 ሰዓት ያህል የሚታጠቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፎስፌታቸው በሚገባ ይወርዳል፤ አንዳንዶቹም ከምግብ ጋር የሚዋጠው የፎስፌት መድኃኒት ጭራሽ አያስፈልጋቸውም። ልዩነቱን የሚያመጣው ርዝመቱ ነው።

ውጤቴ ስንት መሆን አለበት?

የጤነኛ አዋቂ ሰው መጠን ከ2.5 እስከ 4.5 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ነው። በእጥበት ላይ ላለ ሰው ብዙ የእጥበት ማዕከላት የሚጠብቁት ከ3.5 እስከ 5.5 ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጤነኛው መጠን እንዲጠጋ ማውረድ ይፈለጋል። እንግሊዝ፣ ስዊድን ወይም አንዳንድ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ከሆነ ውጤቱ በሚሊሞል በሊትር ሊጻፍ ይችላል። በ3.1 ቢያባዙት ወደ ሚሊ ግራም ይለወጣል፤ 1.8 ሚሊሞል 5.6 ሚሊ ግራም ገደማ ነው ማለት ነው። ቤተሰብ ከአገር ወደ አገር ውጤት ሲላላክ "1.8 ብቻ ነው፣ በጣም ወርዷል" ብሎ የሚደነግጠው መለኪያውን ሳያይ ነው።

ደሙ መቀዳት ያለበት ማሽኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ነው። ከእጥበት በኋላ የተቀዳ ደም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳይና ያሳስታል።

ምንም አይሰማኝም። ከፍ ቢልስ ምን ያደርገኛል?

አለመሰማቱ ነው አስቸጋሪው። ፎስፌት ለዓመታት ከፍ ብሎ ሕመም ላይሰማ ይችላል። በዚያው ጊዜ ግን አንገት ላይ ያሉት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሆርሞናቸውን አብዝተው ያመነጫሉ፤ ሆርሞኑም ካልሲየምና ፎስፌት ከአጥንት እየፈታ ወደ ደም ይለቃል። አጥንት ይሳሳል፣ ያማል፣ በቀላሉ ይሰበራል። በሌላ በኩል ካልሲየምና ፎስፌት ተጣብቀው በደም ሥሮች ግድግዳና በልብ በሮች ላይ ይጋገራሉ፤ በእጥበት ላይ ያሉ ሰዎች በልብ ሕመም የሚጎዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። አንዳንዱ ቆዳው ያሳክከዋል፣ ዓይኑ ይቀላል። ማሳከክ ግን በሌላም ምክንያት ይመጣልና ስላሳከከዎት ብቻ ፎስፌት ነው ብለው አይደምድሙ። ቆዳ ላይ በጣም የሚያም፣ የጠቆረ ወይም የቆሰለ ቦታ ካዩ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ለሐኪም ያሳዩ።

በጣም የሚጎዳኝ የትኛው ምግብ ነው?

በምግቡ ውስጥ ስንት እንዳለ ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ አንጀት ከዚያ ውስጥ ስንቱን ይቀበላል የሚለው እኩል ይመዝናል። ከጥራጥሬና ከእህል የሚመጣው ፋይቴት በሚባል መልክ የታሰረ ስለሆነ የሰው አንጀት ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ይቀበላል። ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት የሚመጣው ከ40 እስከ 60 በመቶ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይገባል። በፋብሪካ የሚጨመረው ፎስፌት ግን ከምንም ጋር ያልታሰረ ጨው ስለሆነ ከ90 በመቶ በላይ በቀጥታ ወደ ደም ያልፋል።

ስለዚህ መቀነስ የሚጀመረው ፋብሪካ ከጨመረበት ምግብ ነው። ቀጥሎ ወተትና የወተት ተዋጽኦ፣ ከዚያ የሆድ ዕቃና የቅባት እህሎች ይመጣሉ። ምስርና ሽሮ ከዚህ ሁሉ በኋላ ናቸው። በብዙ ቤት የሚሠራው ተገላቢጦሹ ነው፦ ሽሮው ይከለከልና ሞርታዴላ ሳንድዊች ይገዛል።

እንጀራ መተው አለብኝ?

የለብዎትም፤ መጠኑንና የሚጋገርበትን ዱቄት ግን ይዩ። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት 430 ሚሊ ግራም ገደማ ፎስፈረስ አለው። አንድ ትልቅ እንጀራ 100 ግራም ያህል ዱቄት ቢወስድ፣ የአንድ ቀን ድርሻዎ የሆነው ከ800 እስከ 1000 ሚሊ ግራም ግማሽ የሚጠጋው በአንድ እንጀራ ያልቃል። ጤፍ እህል ስለሆነ ሁሉም አይገባም፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይፈርሳል። ለጤነኛ ሰው ይህ መልካም ነው፤ ብረትና ዚንክ ይለቀቅለታል። ፎስፌቱም አብሮ ስለሚለቀቅ ግን በደንብ ከቦካ እንጀራ የሚገባው ካልቦካ ቂጣ ከሚገባው ይበልጣል።

የሚሠራው መፍትሔ መደባለቅ ነው። የሩዝ ዱቄት በ100 ግራም 100 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ግማሽ ጤፍ ግማሽ ሩዝ አድርገው ቢያስቦኩ ያው እንጀራ ከ430 ወደ 265 ገደማ ይወርዳል። ነጭ የስንዴ ዱቄትም እንደ ሩዙ ዝቅተኛ ነው፤ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት ግን ከ350 በላይ ስላለው ለዚህ አይሆንም።

አሜሪካ ለሚጋግሩ ማስጠንቀቂያ አለን። ሊጡ ቶሎ እንዲነሳና ዓይን እንዲያወጣ ብለው ራሱን የሚያነሳ ተብሎ የሚሸጠውን የስንዴ ዱቄት የሚቀላቅሉ ብዙ ናቸው። በዚያ ዱቄት ውስጥ ማንሻ ሆኖ የተጨመረው ካልሲየም ፎስፌት ነው። ተራው ነጭ ዱቄት በ100 ግራም 108 ሚሊ ግራም ሲኖረው ይኸኛው 600 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፤ የተጨመረውም ቶሎ የሚገባው ዓይነት ነው። ብዙ የቤኪንግ ፓውደር ዓይነቶችም እንዲሁ በፎስፌት የተሠሩ ናቸው። በእርሾ ብቻ ያስቦኩ። ከሱቅ የሚገዙ ከሆነም ጋጋሪዋን "ምን ይጨመርበታል?" ብለው ይጠይቁ።

ሽሮና ምስርስ?

ይብሉ። ለአንድ ሰው ወጥ የሚበቃ 40 ግራም የሽምብራ ሽሮ 125 ሚሊ ግራም ገደማ ፎስፈረስ አለው፤ ከዚያ የሚገባው ከግማሽ ብዙም አያልፍም። ምስርን ሌሊቱን ዘፍዝፈው ውሃውን ደፍተው፣ በአዲስ ውሃ አንድ ጊዜ አፍልተው ያንንም ከደፉት በኋላ ቢሠሩት ፎስፌቱም ፖታሲየሙም ይቀንሳል። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ይህ አይቻልም፤ እዚያ ያለው ምርጫ መጠኑ ነው።

የቅባት እህሎች ሌላ ናቸው። ሱፍ፣ ተልባና ሰሊጥ በ100 ግራም ከ600 ሚሊ ግራም በላይ አላቸው። በጾም ቀን የሱፍ ፍትፍት የሚበላና የተልባ ውሃ የሚጠጣ ሰው ሳያውቀው ብዙ ይወስዳል። ለውዝ 375 ገደማ ነው፤ ቆሎ ሲቆረጥሙ ለውዙንና ሱፉን አስወጥተው ገብሱን በትንሹ ይያዙ።

ወተት፣ እርጎና አይብ?

አንድ ብርጭቆ፣ 240 ሚሊ ሊትር ወተት 215 ሚሊ ግራም ገደማ ፎስፈረስና 8 ግራም ፕሮቲን ይዟል። እርጎም ከዚያው ወገን ነው። በቀን ከግማሽ ብርጭቆ ባያልፍ ይሻላል። የቤት አይብ በ100 ግራም 150 ገደማ ስለሆነ ከወጥ ጋር ሁለት ማንኪያ ችግር አያመጣም። በፋብሪካ ቀልጦ የተሠራው፣ በሦስት ማዕዘን ተጠቅልሎ የሚሸጠው አይብ ግን ሲሠራ ፎስፌት ተጨምሮበታል፤ አንዲቷ ትንሽ ቁራጭ ብቻዋን 100 ሚሊ ግራም ገደማ ትይዛለች። ይህን ጨርሶ ይተዉት። ቅቤ ስብ ስለሆነ ፎስፌቱ ከቁጥር አይገባም፤ ንጥር ቅቤም እንዲሁ።

ውጭ አገር ያላችሁ ወተት በአጃ ወይም በለውዝ መጠጥ ስትተኩ ካርቶኑን አንብቡ። በብዙዎቹ ውስጥ ካልሲየም ፎስፌት ይጨመራል። በቡና ላይ የሚጨመረው ዱቄት ክሬምም አብዛኛው ፖታሲየም ፎስፌት አለበት።

ሥጋና እንቁላል ብተው አይሻልም?

አይሻልም። እጥበቱ ራሱ ፕሮቲን ይወስዳልና በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። ሥጋ ትቶ ፎስፌቱን ያወረደ ሰው ጡንቻው እየቀለጠ፣ አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲኑ እየወረደ ከሆነ አላተረፈም።

ብልሃቱ ብዙ ፕሮቲን በትንሽ ፎስፌት የሚሰጠውን መምረጥ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው የእንቁላል ነጩ ነው፦ አንዱ ከ3 ግራም በላይ ፕሮቲን ሲሰጥ ፎስፈረሱ 5 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነው። ፎስፌቱ ያለው አስኳሉ ውስጥ ነው። ሁለት ነጭ ከአንድ ሙሉ እንቁላል ጋር አድርገው ቢጠብሱ ጥሩ ቁርስ ነው። ቀይ ሥጋ፣ ዶሮና አጥንቱ የወጣ ቆሮሶ በ100 ግራም 200 ሚሊ ግራም አካባቢ ናቸው። ጉበት ግን 480 ይደርሳል፤ ዱለት በዚህ ምክንያት ለእርስዎ አይሆንም። ከነአጥንቱ የሚበላ የታሸገ ሰርዲንም እንዲሁ።

አሠራሩም ይረዳል። ሥጋውን አነስ አድርገው ከትፈው በብዙ ውሃ 20 ደቂቃ ያህል ቀቅለው ውሃውን ይድፉ፤ ከዚያ ቁሌቱ ውስጥ ይጨምሩት። ፎስፌቱ ከሥጋው እየወጣ ወደ ውሃው ይገባል፤ ፕሮቲኑ በአብዛኛው ይቀራል። ቅቅል ሲበሉ ታዲያ ሥጋውን በልተው መረቁን መተው ነው። መረቁ "ለበሽተኛ ጥሩ ነው" ተብሎ የሚሰጥ ቢሆንም ለእርስዎ ፎስፌት፣ ፖታሲየም፣ ጨውና ውሃ በአንድ ሳህን ማለት ነው።

አንድ ቀን እንዴት ሊታይ ይችላል?

60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው አንድ ምሳሌ፦ ቁርስ ሁለት ቁራጭ ነጭ ዳቦ፣ አንድ ሙሉ እንቁላልና ሁለት ነጭ በዘይት የተጠበሰ፣ ሻይ በማር። ምሳ አንድ የጤፍና የሩዝ ድብልቅ እንጀራ በተቀቀለ 90 ግራም የዶሮ ሥጋ ወጥ። እራት አንድ ሳህን ነጭ ሩዝ በሽሮ። በመሃል አንድ ፖም። ይህ ሁሉ 800 ሚሊ ግራም ገደማ ፎስፈረስና ወደ 68 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል። ጉልበቱ እንዳያንስ ዘይቱን አይቆጥቡ።

ለስላሳ፣ ቡናና ቢራ?

ጥቁሩ ኮላ ፎስፎሪክ አሲድ አለበት። በአንድ ጠርሙስ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ግራም ያህል ነው፤ ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም ይገባል፤ በቀን ሁለት ሦስት የሚጠጣ ሰው ደግሞ አለ። ነጩ የሎሚ ለስላሳ አብዛኛውን ጊዜ የለበትም፤ ስኳር ሕመም ካለብዎት ግን እሱም አይሆንም። ጥቁር ቡና በሲኒ ችግር የለውም፤ ማኪያቶ ሲሆን የሚቆጠረው ወተቱ ነው። በበዓል ከቡናው ጋር የሚቀርበው ፈንዲሻ ትንሽ ከሆነ ይለፍ። የሚጠጣው ሁሉ ግን ከፈሳሽ ድርሻዎ ይቀነሳል።

በታሸገ ምግብ ላይ ፎስፌት መኖሩን በምን አውቃለሁ?

የአሜሪካው የምግብ ሠንጠረዥ የፎስፈረስን መጠን እንዲጽፍ አይገደድም፤ ቁጥር አለመኖሩ የለም ማለት አይደለም። የሚታየው ከሥር ያለው የተቀላቀሉት ነገሮች ዝርዝር ነው። በእንግሊዝኛ በተጻፈው ውስጥ ፒ፣ ኤች፣ ኦ፣ ኤስ፣ ፒ፣ ኤች የሚሉት ስድስት ፊደላት ተከታትለው የሚገኙበትን ማንኛውንም ቃል ይፈልጉ። በቃሉ መጀመሪያ፣ በመሃል ወይም "ፓይሮ"፣ "ትራይ"፣ "ፖሊ" ከሚሉት ኋላ ሊሆን ይችላል። ከአውሮፓና ከባሕረ ሰላጤው በሚመጡ ዕቃዎች ላይ በቁጥር ይጻፋል፦ ኢ 338፣ 339፣ 340፣ 341፣ 343፣ 450፣ 451 እና 452። እነዚህን ቁጥሮች በስልክዎ ይያዙ።

ብዙ ጊዜ የሚገኝባቸው፦ ሞርታዴላና ቋሊማ፣ ፈጣን ኑድል፣ በፋብሪካ የተዘጋጀ ኬክ፣ የቀለጠ አይብ፣ በውሃና በጨው መፍትሔ የተነከረ የቀዘቀዘ ዶሮ። የመጨረሻው አሜሪካ ውስጥ ብዙ ነው፤ ጥሬ ዶሮ ስለሚመስል ማንም አይጠረጥረውም። ማሸጊያው ላይ "መፍትሔ ተጨምሮበታል" የሚል ካለ ሌላ ይምረጡ። ከዚህ አንጻር ከሰፈር ተገዝቶ ቤት የታረደ ዶሮ የተሻለ ነው።

የፎስፌት መድኃኒቴን መቼ ልዋጥ?

ከምግብ ጋር፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ አንስቶ እስከ መሃል ባለው ጊዜ። መድኃኒቱ የሚሠራው ሆድ ውስጥ ነው፦ ምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፌት ይይዝና ከሰገራ ጋር ይዞት ይወጣል። በባዶ ሆድ ከተዋጠ የሚይዘው የለም። ካልሲየም ከሆነ ደግሞ ይባስ ብሎ ራሱ ወደ ደም ይገባል። ጠዋት ከሌሎች ክኒኖች ጋር አንድ ላይ መዋጥ እጅግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱ አልሠራም ተብሎ መጠኑ የሚጨመርላቸው ብዙዎች እንዲህ የሚወስዱ ናቸው።

ረስተው ምግቡን ከጨረሱ፣ ግማሽ ሰዓት ካላለፈ ይውሰዱት፤ ካለፈ ይተዉት፤ በሚቀጥለው ምግብ ላይ አይደርቡ። ትልቁ ምግብዎ ምሳ ከሆነ ብዙው ክኒን ምሳ ላይ ይሁን፤ ይህን ከሐኪምዎ ጋር ያከፋፍሉት። ወተት ያለበት መክሰስም ምግብ ነው፤ ሥጋ ያለበት ሳንድዊችም እንዲሁ። ቤት ውስጥ ካለው ሌላ ጥቂት ክኒኖች በቦርሳዎ ይያዙ፤ ሰርግ፣ ለቅሶና ማኅበር ላይ የሚበላው ነው ሳይቆጠር የሚያልፈው።

ከሌሎች መድኃኒቶች ጋር ይጋጫል። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘልዎ ከፎስፌት መድኃኒቱ 2 ሰዓት በፊት ወይም 6 ሰዓት በኋላ ይውሰዱት፤ አለበለዚያ ኢንፌክሽኑ አይድንም። የታይሮይድ ክኒን 4 ሰዓት ይራቅ። የሚዋጥ ብረትም አብሮ አይወሰድ።

የትኛው ዓይነት ይሻላል?

ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚታዘዘው ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል። አቅሙን ግን ይወቁ፦ 1 ግራም ካልሲየም ካርቦኔት የሚይዘው 40 ሚሊ ግራም ገደማ ፎስፈረስ ነው። አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጥቶ አንድ ክኒን መዋጥ ሒሳቡን አይዘጋም። ሲገዙ የክኒኑን መጠን ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው የጨው ክብደት፣ በሌላው ላይ የንጹሕ ካልሲየም ክብደት ነው። 1250 ሚሊ ግራም ካልሲየም ካርቦኔትና 500 ሚሊ ግራም ካልሲየም አንድ ናቸው። የደም ካልሲየምዎ ከፍ ካለ ወይም የደም ሥሮችዎ ካልሲየም ከጋገሩ ሐኪሙ ይህን ይቀንሳል ወይም ይቀይራል።

ሴቬላመር ካልሲየም የለበትም፤ ክኒኑ ሳይሰበር ይዋጣል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ዋጋውም ከበድ ይላል። ላንታነም በደንብ ታኝኮ ነው የሚዋጠው፤ ሳይታኘክ ቢዋጥ አይሠራም። ብረት ያለባቸው ዓይነቶች ሰገራን ያጠቁራሉ፤ ያ ከመድኃኒቱ ነው፤ ሳይወስዱ ከጠቆረ ግን መድማት ሊሆን ይችላልና ይንገሩ። አሜሪካ ያላችሁ፣ ከጥር 2025 ወዲህ እነዚህ መድኃኒቶች በሜዲኬር (በመንግሥት የጤና መድን) የእጥበት ጥቅል ክፍያ ውስጥ ስለገቡ የሚመጡት በእጥበት ማዕከሉ በኩል ነው፤ ቀድሞ ከፋርማሲ ስታወጡ የነበራችሁ ካቋረጣችሁ ማዕከሉን ጠይቁ።

ለጨጓራ ቃጠሎ ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚሸጠውን አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ያለበትን ፈሳሽ ወይም የሚታኘክ ክኒን ራስዎ ገዝተው አይውሰዱ። አሉሚኒየም በእጥበት ላይ ባለ ሰው አጥንትና አንጎል ውስጥ ይጠራቀማል።

መጾም እችላለሁ?

የጾም ምግብ ራሱ፣ ሱፍና ተልባ ካልበዛበት፣ ፎስፌትን አያባብስም፤ እንዲያውም ከሥጋና ከወተት ሲለይ የሚገባው ይቀንሳል። ጉዳቱ ሌላ ቦታ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ያለ እንቁላል፣ ያለ ሥጋ ከተሄደ በቂ ፕሮቲን ማግኘት በጣም ይከብዳል። እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይበሉ የሚቆዩ ከሆነም ጠዋት የሚዋጠው የፎስፌት ክኒን ትርጉም ያጣል፤ ከምሳና ከእራት ጋር እንዲሆን ይከፋፈል። በረመዳንም እንዲሁ ክኒኑ ከኢፍጣርና ከሱሁር ጋር ነው የሚሄደው፤ በእጥበት ላይ ያለ ሰው ግን በጾሙ በጣም ሊጎዱ ከሚችሉት መካከል ይቆጠራል። በሁለቱም እምነት ለታመመ ሰው የተፈቀደ ነገር ስላለ ከሐኪምዎም ከነፍስ አባትዎ ወይም ከኢማምዎም ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። ጾሙ ከገባ በኋላ አልቡሚንዎ ወርዶ መነጋገር ዘግይቷል።

ፋሲካ ሌሊት ሲፈሰክ ክኒኑ አይረሳ። ዶሮ ወጥ ከአንድ እንቁላል ጋር ይብሉ፣ ክትፎውንና አይቡን ለሌላ ቀን ያቆዩ።

የተባልኩትን ሁሉ እያደረግኩ ነው፤ ፎስፌቱ ግን አልወርድ አለ።

መጀመሪያ ናሙናው ይታይ። ደሙ ቱቦ ውስጥ ከፈረሰ ወይም ሕዋሳቱ ከፈሳሹ ሳይለዩ ብዙ ከቆየ ፎስፌቱም ፖታሲየሙም በሐሰት ከፍ ይላል፤ ሁለቱ አብረው በድንገት ከዘለሉ ይደገም። ቀጥሎ እጥበቱ፦ ሙሉ ሰዓት ተሞልቷል? ፊስቱላው ወይም ካቴተሩ በቂ ደም ይሰጣል? ከዚያ ክኒኑ መቼ እንደሚዋጥ።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ የፓራታይሮይድ ሆርሞን ይለካ። በእጥበት ላይ ላለ ሰው የሚጠበቀው ከጤነኛው የላይኛ ወሰን ከ2 እስከ 9 እጥፍ ነው። ከዚያ እጅግ ካለፈ ፎስፌቱ የሚመጣው ከሳህኑ ብቻ ሳይሆን ከራስዎ አጥንትም ነው፤ ምግብ መቀነስ ያንን አያቆመውም። ካልሲትሪዮል (የሚሠራው የቫይታሚን ዲ ዓይነት) የሚወስዱ ከሆነም እሱ አንጀት ፎስፌት አብዝቶ እንዲቀበል ስለሚያደርግ ሐኪሙ መጠኑን ያያል።

ፎስፌቴ ዝቅተኛ ነው ተባልኩ። ጥሩ አይደለም?

ከ2.5 በታች ከሆነ ጥሩ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ሰውየው አለመብላቱን ነው፤ ጡንቻ ያደክማል። ክኒኑን እስከ መቼ እንደሚያቆሙ ሐኪምዎን በዚያው ቀን ይጠይቁ፤ እንቁላል፣ ሥጋና ወተት ይጨምሩ። በሁለት ወር ውስጥ ክብደት ከቀነሱ፣ የምግብ ፍላጎትም ከጠፋ ይህን ሳይደብቁ ይንገሩ።

መድኃኒቱ ሆዴን አደረቀው። ምን ልውሰድ?

ላክቱሎስ ወይም ቢሳኮዲል በሐኪም ትእዛዝ ይቻላል። በፊንጢጣ የሚሰጠውን ወይም ከምርመራ በፊት ሆድ ለማጠብ የሚጠጣውን ሶዲየም ፎስፌት ግን ፈጽሞ አይውሰዱ፤ ኩላሊቱ በማይሠራ ሰው ላይ ፎስፌቱን በሰዓታት ውስጥ አደገኛ ደረጃ አድርሶ ካልሲየሙን ያወርዳል። ማግኒዚየም ያለባቸው የሆድ ማለስለሻዎችም አይሆኑም። የአንጀት ምርመራ ከታዘዘልዎ፣ ወረቀቱን የሚጽፈው ሰው እጥበት ላይ መሆንዎን ማወቁን ራስዎ ያረጋግጡ፤ ፋርማሲ ሲደርሱም ደግመው ይናገሩ።